አሮጌውን የእርሻ ተሳቢ ለትንሽ ጀልባ መጫኛ ስለ ማደስ
(ለከተማው ነዋሪዎችና ለመሥሪያ ቤት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ለጆሮ ታናሽ ነው። በየጋራዡና በየእርሻው ጓሮ ሣር በቅሎበት ስለሚተኛው አሮጌ የትራክተር ተሳቢ እናገራለሁ። ይሁን እንጂ ከገዳሪፍ እስከ ገላባትና መተማ፣ ከሐምዳይት እስከ ሁመራ ባለው ምድር የሚኖርና በክረምት ወንዝ ዳር ቆሞ ማዶውን ያየ ሰው፣ ጀልባ ያለው ሁሉ ተሻጋሪ እንዳልሆነ ያውቃል። ጀልባው በከተማ ውስጥ በዛፍ ጥላ ሥር ተገልብጦ፣ ወንዙ ደግሞ ከዚያ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ከሆነ፣ ያ ጀልባ ለዶሮ ማደሪያ ካልሆነ በቀር ጥቅም የለውም።

የምናገረውም ነገር በአጭሩ ይህ ነው። የእርሻ ተሳቢ ለትንሽ ጀልባ መጫኛ ሊሆን ይችላል፤ የእድሳቱ ሥራ ግን ከመንኰራኵሩ ውስጥ ይጀመራል፣ በቀለሙም ይፈጸማል። እኔ በየስፍራው እንዳየሁት አብዛኛው ሰው ይህን ገልብጦ ይሠራል። ተሳቢው ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ፣ ስም ተጽፎበት፣ አበባ ተሥሎበት ይወጣል፤ የመንኰራኵሩን ክዳን ግን ከፍቶ ያየ የለም።

የወንዞቹን ጠባይ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል፤ ሆኖም ነገሩን ለማያያዝ ጥቂት ላንሣ። ከጎንደር በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ የሚነሣው ጓንግ በመተማ አጠገብ አልፎ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል። ተከዜም ከላስታ ተራሮች መጥቶ ሁመራን ካለፈ በኋላ ሰቲት በሚለው ስሙ ከአትባራ ጋር ይቀላቀላል። በበጋ አትባራ እዚህም እዚያም ኩሬ ትቶ አሸዋው በእግር ይታለፋል፤ በክረምት ግን ያው ወንዝ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ግንድ እየነቀለ ይወርዳል።

እንግሊዛዊው መንገደኛ ሳሙኤል ቤከር በ1861 ዓ.ም. በደረቀው የአትባራ አሸዋ ዳር ሰፍሮ ሳለ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እናገራለሁ)፣ በሰኔ ወር አንድ ሌሊት እንደ ነጐድጓድ ያለ ድምፅ ሰማ፤ ሲነጋም ትናንት በእግር ይኬድበት የነበረው አሸዋ ታላቅ ወንዝ ሆኖ እንዳገኘው ጽፏል። ክረምቱን ሶፊ በተባለ ስፍራ አሳልፎ ወንዙን መሻገር ባስፈለገው ጊዜ፣ በአየር የተነፉ አቁማዳዎችን ከአልጋ ጋር አስሮ በላዩ የገላ መታጠቢያ ገንዳውን አኖረና ሚስቱን በዚያ አሻገራት። ሰውየው ባለጸጋ ነበረ፤ ጠመንጃውም ድንኳኑም የተሟላ ነበር፤ ከጓዙ መካከል ግን ጀልባ አልነበረም።

ይህ የጥንት ወሬ ነው የሚል ቢኖር የትናንቱን ያስታውስ። በ2020 ዓ.ም. መጨረሻ በትግራይ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ከ60 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሰደደ። ከዚያ ሕዝብ ብዙው በሐምዳይት በኩል ልጁን አዝሎ፣ ሽማግሌውን ደግፎ፣ ተከዜን በትናንሽ ጀልባ ተሻግሮ፣ ኋላ ወደ ኡም ራኩባና ወደ ቱናይድባ መጠለያ ተወሰደ። በ2023 ዓ.ም. ደግሞ በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ሰው በተቃራኒው ወደ መተማ ፈለሰ። በእንዲህ ያለ ቀን የጀልባ ቍጥር ብቻ አይጠየቅም። ከአንዱ መሻገሪያ አንሥቶ ወደ ሌላው በስንት ሰዓት ይደርሳል? ይህም ይጠየቃል። ምጥ የያዛት ሴትና እባብ የነደፈው እረኛ ጦርነትም ሳይኖር ይህንኑ ጥያቄ በየክረምቱ ይጠይቁናል።

ሌላም ምክንያት አለ። በ1964 ዓ.ም. የኻሽም ኤል ግርባ ግድብ፣ በ2009 ዓ.ም. በእኛ በኩል የተከዜ ግድብ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የላይኛው አትባራና የሰቲት መንትያ ግድቦች ተሠርተው፣ ወንዝ ብቻ በነበረበት ሐይቅ ተፈጥሯል። የግድብ ሐይቅ ዳርቻው አይጸናም፤ ሲሞላ ወደ መንደሩ ይጠጋል፣ ሲጎድል ብዙ ርምጃ ይሸሻል። ዓሣ አጥማጁ ዛሬ ጀልባውን ያሰረበት ጕቶ ከሦስት ወር በኋላ በደረቅ መሬት ላይ ቆሞ ያገኘዋል። በጣና ሐይቅ ዳር ያደጉት ይህ ችግር ያን ያህል አይሰማቸውም፤ የደንገል ታንኳ ሲርስ ይከብዳል እንጂ ከውኃ ወጥቶ ሲደርቅ ሰው በትከሻው ይሸከመዋል። ነገር ግን በዚያው በጣና እንኳ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ሞተር ያላቸው ጀልባዎች ለዓሣ ሥራ ሲገቡ፣ በትከሻ የማይነሣ ነገር መጣ። የብረት ጀልባ መንኰራኵር ይፈልጋል።

መንኰራኵሩስ ከወዴት ይገኛል? ይህ አገር በእርሱ ድኻ አይደለም። በገዳሪፍ ሜዳ የመኪና እርሻ የተጀመረው በ1940ዎቹ አጋማሽ እንግሊዞች ለጦራቸው ማሽላ በፈለጉ ጊዜ ነው፤ በሁመራም በኩል ሰሊጡን ተከትሎ ትራክተር ገባ። ትራክተር በገባበት ሁሉ ተሳቢ ይከተላል። ትራክተሩ ሲሞት ሞተሩና ማርሹ ለመለዋወጫ ይፈታል፤ ተሳቢው ግን የሚፈታ ብዙ ነገር ስለሌለው ባለበት ይቀራል። ከዚያ አንድ ቀን የቍራጭ ብረት ነጋዴ መጥቶ በኪሎ ይገዛዋል። ለመሸጥ ከመቸኰል አስቀድሞ ሊመረመር ይገባል እላለሁ። ሁሉም ይዳናል ማለቴ አይደለም፤ ለቍራጭ ብረት የሚገባም አለ፤ እርሱን ለይቶ ማወቅ ሊቅነት አያሻውም።

ምርመራው እንዲህ ነው። ተሳቢውን በክሪክ አንሥቶ ሁለቱን መንኰራኵሮች የሚያገናኘውን ዘንግ መመልከት ነው። ዘንጉ ከጎበጠ መንኰራኵሮቹ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ያያሉ፤ ይህንንም በሲባጎ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ከፊትና ከኋላ ለክቶ ማወቅ ይቻላል፤ ሁለቱ ልኮች በግልጽ ከተለያዩ ዘንጉ ታሟል። ቀጥሎ በትንሽ መዶሻ ሻንሲውን ከዳር እስከ ዳር መታ መታ ማድረግ ነው። ደኅና ብረት ይጮኻል፤ ውስጡ የተበላ ብረት ድምፁ የታፈነ ነው። በተለይ ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት ከውጭ ቀለሙ ሳይነካ ከውስጥ በዝገት ሊያልቅ ይችላል፤ ውኃ የሚወጣበት ቀዳዳ ከታች ከሌለው ይልቁንም ያስፈራል። ዘንጉም ጎብጦ ሻንሲውም ከተበላ ለነጋዴው ስጡት፤ በእርሱ ላይ የሚወጣው ገንዘብ አዲስ ያሠራል። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ከተጎዳ ግን ባለሙያ ጠርቶ ማስላት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ትዕግሥታችሁንም እለምናለሁ፤ በዚህ ላይ ረዘም ብዬ እናገራለሁና።

የእርሻ ተሳቢ የተሠራው ለትራክተር ነው። ትራክተር በሰዓት 20 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው። ጎማው ላይ ኤ6 የሚል ምልክት ካለ በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር፣ ኤ8 የሚል ካለ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይነዳ ሠሪው ወስኗል። ኩሽኔታውም እንዲሁ ለዝግታና ለሸክም የታሰበ ነው። ይህን ተሳቢ ወስደን ከፒክአፕ መኪና ኋላ ብናስር፣ ሾፌሩም አስፋልት ሲያገኝ 80 እና 90 ቢነዳ፣ የሚሆነው የታወቀ ነው። ኩሽኔታው ይግላል፣ ግራሶው ቀልጦ ይፈሳል፣ ብረት ከብረት ይፋጫል፣ በመጨረሻም መንኰራኵሩ ከዘንጉ ወልቆ መኪናውን ቀድሞ ይሮጣል። ከገዳሪፍ እስከ ገላባት 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ክፉ ኩሽኔታ ይህን ያህል መንገድ አይታገሥም። ስለዚህ ከሁለት አንዱን መምረጥ ግድ ነው። ወይ የመኪና ዘንግ ከነኩሽኔታውና ከነቸርኬው ፈልጎ መለወጥ፣ ወይ የእርሻውን ዘንግ ይዞ በትራክተር ፍጥነት ብቻ መሄድ። ሦስተኛ መንገድ የለም። ሾፌሩ «ቀስ ብዬ እነዳለሁ» ብሎ መማሉ ሦስተኛ መንገድ አይባልም፤ የሾፌርን መሐላ ሁላችንም እናውቃለን።

ዘንጉ ከየትም ይምጣ ኩሽኔታው መከፈት አለበት። በመንኰራኵሩ እምብርት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ኩሽኔታዎች አሉ፤ ታላቁ በውስጥ በኩል፣ ታናሹ በውጭ። ክዳኑ ተነቅሎ፣ ኮፒሊያው ወጥቶ፣ ዳዶው ተፈትቶ እምብርቱ ሲወጣ መጀመሪያ የሚታየው ግራሶው ነው። ጥቍር ቢሆን አርጅቷል። እንደ ወተት ከነጣ ውኃ ገብቶበታል። ቀይ አቧራ ከተቀላቀለበት ዝገት ጀምሯል። ሁሉም በላምባ ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል፤ አየር በሚነፋ መሣሪያ ኩሽኔታን እያሽከረከሩ ማድረቅ የብዙ ጋራዥ ልማድ ነው፤ ግን ኩሽኔታው በባዶው ይፋጫል፣ ቢበተንም የሰው ዓይን ያጠፋል። ከታጠበ በኋላ እያንዳንዱ ትንሽ ሲሊንደር በፀሐይ ብርሃን ይታይ። ጕድጓድ፣ ጭረት፣ ወይም በሙቀት የመጣ ሰማያዊ ጥላ ከታየበት አይመለስም፤ የሚሽከረከርበት ቀለበትም አብሮ ይለወጣል። አዲስ ኩሽኔታ በአሮጌ ቀለበት ላይ ማስገባት አዲስ የወይን ጠጅ በአሮጌ አቁማዳ እንደ ማድረግ ነው።

ግራሶ ሲገባ በጣት ላዩን መቀባት አይበቃም። በመዳፍ ላይ ግራሶ አድርጎ የኩሽኔታውን ሰፊ ወገን እየጫኑ በሌላው ወገን እስኪወጣ ድረስ መግፋት ነው። ግራሶውም ውኃ የማያጥበው ዓይነት ይሁን፤ ተራው ግራሶ ለጀልባ ተሳቢ አይሆንም፤ ምክንያቱን ወዲያው እነግራችኋለሁ። ከኋላ ያለው ግራሶ መያዣ ጎማ ርካሽ ዕቃ ስለሆነ ሁልጊዜ በአዲስ ይለወጥ። ዳዶው መንኰራኵሩን በእጅ እያሽከረከሩ ጠበቅ ይደረግና ኩሽኔታው ስፍራውን ሲይዝ መልሶ ይላላል፤ ከዚያ በጣት ብቻ እስኪጠብቅ ይመለሳል። በጕልበት ያጠበቁት ዳዶ ኩሽኔታውን ያቃጥላል፤ ላልቶ የቀረውም መንኰራኵሩን ያወዛውዛል። ኮፒሊያው አዲስ ይሁን። በኮፒሊያ ፈንታ የታጠፈ ምስማር ያገኘሁባቸውን ተሳቢዎች ቍጥር መናገር አልፈልግም።

ምክንያቱን እነግራችኋለሁ ያልሁት ይህ ነው። የጀልባ ተሳቢ ከሌላው የሚለየው ሆን ተብሎ ውኃ ውስጥ ስለሚገባ ነው። መንገድ ተጉዞ የደረሰ መንኰራኵር እምብርቱ ግሏል፤ ውስጡ ያለውም አየር በሙቀት ሰፍቷል። ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲነከር አየሩ በአንድ ጊዜ ይኮማተራል፣ ባዶውንም ለመሙላት ከኋላ በኩል ውኃ ይስባል። ሠሪው በንጽሕና የሞላው ግራሶ በዚያች ደቂቃ ይበላሻል። ደለል የሞላው የክረምት ውኃ ከሆነ ከውኃው ጋር አሸዋ ይገባል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ወንዙ ዳር ሲደርሱ እምብርቱን በመዳፍ ነክቶ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ። ለአስቸኳይ ሥራ የመጣ ሰው ይህን መጠበቅ እንደሚከብደው አውቃለሁ፤ ለዚያ ጊዜ መንኰራኵሩን ከውኃው ሳያስገቡ ጀልባውን በእንጨት ላይ አንሸራትቶ ማውረድ ይሻላል።

ስለ ጎማ አጭር ነገር። ጎማ በጎኑ አራት አኃዝ ተጽፎበታል፤ 2319 የሚል ቢሆን በ2019 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ደኅና ይመስላል፤ ነገር ግን በዚህ በረሓ፣ ሙቀቱ በሚያዝያና በግንቦት ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት፣ ለዓመታት በአንድ ጎኑ ተኝቶ የቆመ ጎማ ጎኑ ይሰነጣጠቃል። እንዲህ ያለው ለልጆች ዥዋዥዌ ይሁን። የጎማው ስፋት ደግሞ እንደ መሬቱ ነው። የእኛ ጥቍር ዋልካ በዝናብ ጊዜ ቀጭኑን ጎማ ይውጠዋል፤ ሰፊ ጎማ በላዩ ይሄዳል። በጎማውና በጭቃ መከላከያው መካከልም ጭቃ የሚያልፍበት በቂ ክፍት ይኑር፤ ካልሆነ ዋልካው ተጠቅጥቆ መንኰራኵሩን ያስራል፣ ተሳቢውም እንደ ማረሻ ይጎተታል።

የብየዳውን ሥራ ለባለሙያው እተዋለሁ፤ ሁለት ነገር ብቻ ላሳስብ። ስንጥቅ ያለበት ብረት ሲበየድ መጀመሪያ በስንጥቁ ጫፍ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳ፤ አለዚያ ስንጥቁ ከብየዳው ሥር እንደ ገና ይሮጣል። ሁለተኛም የጀልባውን መንሸራተቻ ከውኃ ቧንቧ መሥራት የተለመደ ነው፤ ቧንቧው ግን ዚንክ የተቀባ ስለሆነ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጢስ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያመጣል። በያጆቻችን ወተት እንጠጣለን ይላሉ። ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ ከዚህ ጢስ ግን አያድንም። ዚንኩን ከሚበየደው ስፍራ ዙሪያ ፍቆ፣ በነፋሻ ቦታ፣ ነፋሱን ከኋላ አድርጎ መሥራት ነው።

ከዚህ በኋላ ተሳቢው የጭነት ሣጥን መሆኑን ይተዋል። የጎኑና የወለሉ ሳንቃ ይነሣል፤ ጀልባው ዝቅ ብሎ ሊቀመጥ ይገባዋልና። ጀልባ በሆዱ መካከል ብቻ ከተደገፈ በመንገዱ መናወጥ ይሰነጠቃል ወይም ይጎብጣል፤ ክብደቱ ያለው በታችኛው አከርካሪውና ሞተሩ በሚታሰርበት በኋላው ግድግዳ ላይ ነው። ስለዚህ ሁለት ረጃጅም እንጨቶች በቁመቱ ይዘርጉለት፣ የኋላው ግድግዳ በእንጨቶቹ ጫፍ ላይ ይረፍ፣ እንጨቶቹም በአሮጌ ምንጣፍ ይሸፈኑ። አፍንጫው የሚያርፍበት ከፊት አንድ ምሰሶ ይቁምለት፤ መጎተቻ ገመዱም ከዚያ ይታሰር።

አሁን የሚዛን ነገር። አምስት ሜትር ያህል የሆነ የብረት ጀልባ 350 ኪሎ ቢመዝን፣ ሞተሩ፣ ቤንዚኑና ገመዱ 100 ኪሎ፣ ሣጥኑ የተነሣለት ተሳቢ 350 ኪሎ ቢሆን፣ ጠቅላላው 800 ኪሎ ነው። ከዚህ ውስጥ ከመቶ ሰባት እስከ ዐሥር እጅ፣ ማለት ከ56 እስከ 80 ኪሎ፣ እንደ ሞፈር ወደ ፊት በወጣው መጎተቻ ጫፍ ላይ ሊጫን ይገባል። የእህል ነጋዴዎቻችን ሚዛን ለዚህ ይበቃል፤ መጎተቻውን በሚዛኑ ላይ ማሳረፍ ብቻ ነው። ጫፉ ከቀለለ ተሳቢው በመንገድ ላይ እንደ ዓሣ ጅራት ይወዛወዛል፣ መኪናውንም ይዞ ይገለበጣል፤ ከከበደ የመኪናው ኋላ ተጭኖ መሪው ይቀላል። ልኩ ካልመጣ ጀልባውን በትንሹ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ማዛወር፣ ካልበቃም ዘንጉን ከነባሌስትራው በሻንሲው ሥር ማንቀሳቀስ ነው።

ከባድ ነገር በመንኰራኵር ለማንቀሳቀስ አሳብ ያደረጉ ሰዎች ባገራችን ቀድሞም ነበሩ። ከዚሁ ከድንበሩ አጎራባች ከቋራ የተነሡት ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ያሠሩትን 7 ቶን ያህል ይሆናል የሚባለውን «ሴባስቶፖል» መድፍ ከ1867 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ወራት ፈጅቶባቸዋል። በዚያ ጉዞ ከመድፉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ንጉሡ ፊት ፊት እየሄዱ መንገድ ማስጠረጋቸው ነው። እኛም ተሳቢ አድሰን ወደ ወንዙ የሚወርደውን የመጨረሻውን ሁለት መቶ ሜትር ሳንጠርግ ብንቀር፣ ጀልባው ወንዙን እያየ ዋልካ ውስጥ ያድራል። መሥሪያ ቤቶች ሊረዱ የሚችሉት ከሁሉ ይበልጥ በዚህ ይመስለኛል። አንድ ትራክተር በበጋ በአንድ ቀን ድንጋይና ጠጠር ቢያወርድበት ክረምቱን ይቆማል።

ስለ ማያያዣው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የትራክተር ተሳቢ ጫፉ ቀለበት ነው፤ በወፍራም ብረት ይቈለፋል። ፒክአፕ መኪና ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ እንክብል አለው። ቀለበቱን በእንክብሉ ላይ ጥሎ በሽቦ ማሰር ተለምዷል፤ ይህ ልማድ ሰው የሚገድል ነውና ፖሊሶቻችን እንዳያልፉት እለምናለሁ። ለእንክብል የተሠራውን ጋንቾ በትክክለኛ ብሎን ማሰር ይገባል። ከሥሩም ሁለት ሰንሰለቶች ተጠላልፈው ይያያዙ፤ ጋንቾው ቢከፈት መጎተቻው መሬት ሳይወጋ በሰንሰለቱ መስቀል ላይ ያርፋልና። ጀልባው በተሳቢው ላይ የሚታሰረውም በማይለጠጥ ጠፍጣፋ ቀበቶ ነው፤ ከውስጥ ጎማ የተቈረጠው ጠፍር ለአህያ ጭነት ያገለግል ይሆናል፣ ለዚህ ግን ሲለጠጥ ጀልባውን ይለቀዋል። ሰውም በተጫነ ጀልባ ውስጥ ተቀምጦ አይጓዝ፤ ልጆች ይህን ስለሚወዱ አባቶች ልብ በሉ።

የኋላ መብራትና ፍሬቻ ከመኪናው ጋር ተያይዘው የሚሠሩ ይሁኑ። ውኃ ከመግባታቸው በፊት ይነቀሉ፤ ወይም በአንድ ሳንቃ ላይ ተገጥመው ሳንቃው ራሱ ይነሣ፤ ይህ ሁለተኛው ይሻላል። በሰሊጥና በማሽላ ምርት ጊዜ መብራት የሌለው ተሳቢ በሌሊት በመንገድ ዳር መቆሙ ምን እንደሚያደርስ በዚህ አዳራሽ ካለው ሰው የማያውቅ የለም፤ ስለዚህ ብልጭ የሚል ቀይ ምልክት በኋላው ሁለት ጎን፣ ከጀልባውም ጫፍ ላይ ይሁን፤ የጀልባው ጫፍ ከተሳቢው አልፎ ይወጣልና።

ቀለሙ አሁን ይምጣ። ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ፣ የዝገት መከላከያው ቀለም በመጀመሪያ፣ ሌላው በላዩ። በባሌስትራው ቅጠሎች መካከል ግን ቀለም አይግባ።

ሥራው ካለቀ በኋላ ባዶውን ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ወስዶ መመለስ ይገባል። መንገድ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ቆሞ እምብርቶቹን በመዳፍ መንካት ነው። ለብ ቢል ጤና ነው፤ እጅ የማያስነካ ከሆነ ተመልሶ ይከፈት። የመንኰራኵሩም ዳዶዎች እንደ ገና ይጥበቁ፤ አዲስ የታሰረ ቸርኬ በመጀመሪያው መንገድ ይላላል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ እርሱም የመሥሪያ ቤት ነገር ነው። ተሳቢው የሕዝብ ከሆነ በንብረት መዝገብ ስሙ ይጻፍ፣ ኃላፊ ይሰየምለት። በበጋ በጥላ ሥር፣ ዘንጉ በድንጋይ ተደግፎ ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ይቁም። ከጀልባው ጋር የተለዋጭ ጎማ፣ ክሪክ፣ አንድ ጥንድ ኩሽኔታና የግራሶ ቆርቆሮ በአንድ ሣጥን ይኑር፤ ሣጥኑም ይቈለፍ። የሣጥኑ ቁልፍ ግን በአንድ ሰው ኪስ ብቻ እንዳይቀር። ያ ሰው ለቅሶ ወይም ሰርግ ሄዶ ሳለ ወንዙ በሌሊት ሊሞላ ይችላልና፣ ሁለተኛው ቁልፍ በጤና ጣቢያው ይቀመጥ። ግንቦት ሲገባ ዝናቡ ሳይጀምር መንኰራኵሮቹ በክሪክ ተነሥተው ይዙሩ፤ ኩሽኔታው የሚያንኳኳ ድምፅ ካሰማ ለመለወጥ ገና ጊዜ አለ።